«ደህና ነኝ» የማይበቃት ሴት

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመድ ቤቱ «ደህና ነኝ» ቢሉት የማይበቃው አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው «እንደምን አደርሽ» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ሲያልፍ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ዓይኑን ዓይናችሁ ላይ ተክሎ «ደህና ሲባል?» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ ካያችሁት መንገድ መቀየር ነው።

የእናንተዋ አክስት ወይም ጎረቤት ትሆናለች። የእኔዋ አለቃዬ ናት። ሕፃኑንም አዋቂውንም የምትመረምር፣ ዲግሪ በዲግሪ ላይ የደረበች የሥነ ልቦና ባለሙያ። እኔ በሯ ላይ ተቀምጬ ቀጠሮ እይዛለሁ። ፊት ለፊት «ዶክተር» እላታለሁ፤ በሆዴ ግን ክብርት እትዬ ሲባል ናት።

ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ ደም ሰጥቶ ውጤት ይዞ የሚመለስ ይመስለዋል። እሷ ግን በአንድ ፈተና የሰው ልጅ አይታወቅም ባይ ናት። ወላጆች የልጃቸውን የትምህርት ቤት ውጤት ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረጉላት ገልበጥ ገልበጥ ታደርግና «ይኼ ሒሳቡ ነው፤ ልጁስ የታለ?» ትላቸዋለች። ልጁ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ነው ይህን የምትለው። ከዚያ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ማንን እንደሚፈራ ትጠይቃለች። መነጽሩን፣ መድኃኒቱን፣ አያቱን አምጡ ትላለች።

ምርመራው ክፍሏ ውስጥ የሚጀምር የሚመስለውም ተሳስቷል። መጠበቂያው ክፍል ጥግ ላይ አንድ አበባ አለ። እሱን ውሃ አጠጣለሁ ብላ እየወጣች የትኛዋ እናት ስለ ልጇ እንደምትመልስ፣ የትኛው ባል ከሚስቱ ራቅ ብሎ እንደተቀመጠ ታያለች። የፊተኛው አበባ በውሃ ብዛት ሞቷል።

በዚህ በር ላይ የማየው ፍርሃት ብዙ ነው። ጎልማሳ ሰው ስሙን ሲነግረኝ ዞር ዞር ብሎ ያያል። «ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» ብለው በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ አሉ። አንድ አባት፣ ትምህርት ቤት ልጁን «ሰነፍ ነው፣ ዘገምተኛ ሳይሆን አይቀርም» ብለውት፣ እየጎተተ አመጣው። ደረጃውን ሲወጡ «ሰባት ሲደመር ስምንት?» እያለ ሲያስጠናው እሰማለሁ። እትዬ ሲባል ልጁን በእንጨት ኪዩብና በሥዕል ፈተነችው፤ አልበቃትም። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳ የኋላ ዴስክ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠች። መምህሩ ደውሎ «እባክሽ መልሰሽ ውሰጃት፣ እኔንም እያየችኝ ነው» አለኝ። ለካስ ልጁ የሚተኛው አጎቶቹ ቴሌቪዥን እያዩ የሚያመሹበት ሳሎን ውስጥ ነበር፤ እንቅልፍ አይጠግብም። አባትየው ይህን ሲሰማ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሠራተኛ ላይ እየጮኸ ያስቸገረ አንድ ኃላፊ ከመሥሪያ ቤቱ ተልኮ መጣ፣ ከነከረባቱ። የቅርጽና የቁጥር ጥያቄውን ሁሉ አንድ ባንድ ጨረሰው። ከዚያ መጨረሻ ላይ ከልቡ የሳቀው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ወጥቶ ውሃ ለመነኝ፤ ቆሞ ጠጣና «ይቺ ሴትዮ ፖሊስ ነበረች እንዴ?» አለኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮው ግን ከሰዓቱ ቀድሞ ነው የመጣው።

እኔ በእነዚህ ሁሉ እስቅ ነበር። ልጃቸውን ደረጃ ላይ በሚያስጠኑት ደግሞ ይበልጥ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉ የለ። ከዚያ ተራው የእናቴ ሆነ።

እናቴ ዕድሜ ልኳን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ድስት ጥዳ ማሳረር ጀመረች። የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፍራ ከተማ ዳር ተገኘች። የጠየቅናትን ትታ ያልጠየቅናትን ትመልሳለች። ታላቅ ወንድሜ «የመርሳት በሽታ ነው፤ የአባታችን እናትም እንዲህ ነው የጀመራቸው» አለ። አለቃዬ መርምራት ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ቤቷን ዘግተን እሱ ዘንድ ልናስገባት ተነጋገርን። እሷ ደግሞ ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው ትላለች።

እንቅልፍ አጣሁ። የእትዬ ሲባልን ፈተና አውቀዋለሁ፤ ግድግዳችን ስስ ነው። አምስት ቃል ትናገራለች፣ ሌላ ወሬ ታወራለች፣ ከዚያ ቃላቱን መልሱልኝ ትላለች። እሁድ ዕለት በእናቴ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ቃላቱን አስጠናኋት። መርፌ፣ ወንዝ፣ መሰላል፣ ሎሚ፣ ደወል። «መርፌውስ ገባኝ፤ ሎሚውን ምን አመጣው?» አለች። ጨዋታ ነው አልኳት። ከዚያ በፊትም እየደወልኩ ቀኑን አስጠናት ነበር። ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ብትስትስ እያልኩ መልሼ እደውላለሁ።

ማክሰኞ አመጣኋትና ገባች። እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«እንደምን አሉ፣ እማማ?» አለቻት እትዬ ሲባል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ደህና ነኝ» አለች እናቴ። «መርፌ፣ ወንዝ፣ መሰላል፣ ሎሚ፣ ደወል። ቀኑም ማክሰኞ ነው።»

ክው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማን እንዳስተማራት ስትጠየቅ እናቴ «ማንም» አለች። በሩ ተከፈተ፤ እትዬ ሲባል አየችኝ። ቁጣ ጠበቅኩ። የቀሩትን ቀጠሮዎች እንዳዛውር ብቻ ነገረችኝና እናቴን ደግፋ ደረጃውን ወረደች። የእናቴን ቤት ልታይ ነው። እኔ እንድከተል አልተፈቀደልኝም።

ያን ከሰዓት ምን ስሠራ እንደዋልኩ አላውቅም። እናቴ ቁልፉን ብታጣስ? ምድጃው ላይ የሆነ ነገር ጥዳ ወጥታ ቢሆንስ? ወንድሜ ሲደውል «ደህና ናት» አልኩት፤ ቃሏን ስናገር አፌ መረረኝ። ከዚያም ሳምንታት አለፉ። ጎረቤት ተጠየቀ፣ ሌላ ፈተና ተሰጠ፣ የጆሮ ሐኪም አያት። እኔ በየቀኑ አለቃዬ ፊት ላይ ውጤቱን እፈልጋለሁ። ፊቷ ግን እንደ ግድግዳው ስስ አይደለም።

በመጨረሻ ጠርታ የታካሚው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«ቃላቱን መቼ ነው ያስጠናሻት?»

«እሁድ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«የምትፈሪው በሽታ የያዘው ሰው እሁድ የሰማውን ማክሰኞ ሳይጠየቅ በተርታ አይደግመውም። ፈተናዬን አበላሽተሽብኛል፣ ግን እሱ ራሱ አንድ ነገር ነግሮኛል።»

በእሱ ብቻ እንዳልፈረደች ነገረችኝ። እናቴ ጆሮዋ ደክሟል፤ ያልሰማችውን እንደሰማች ሆና ትመልሳለች፣ ሹፌሩ ያላትንም አልሰማችም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሌሊቱን ተቀምጣ ስለምታነጋ ድስቱ ሥር ታንቀላፋለች። ለጆሮዋ መሣሪያ ይታዘዛል፣ ሐዘኗንም ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማታል። እየቆየን ደግመን እናያታለን፤ ለአሁኑ ግን ከቤቷ የሚያስወጣት ነገር የለም አለች።

«በጣም የሚያስፈራት ምን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር» አለች ቀጥላ።

«ከቤቷ መውጣት» አልኩ።

«አይደለም። ‹ልጄ በቀን ደጋግማ እየደወለች ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ትለኛለች። ነግሬያት ሳትቆይ መልሳ ትጠይቀኛለች። ወንዝ፣ ሎሚ እያለችም ትቀባጥራለች። የሆነ ነገር ሳትሆን አልቀረችም። እሷን ላለማስደንገጥ ነው እሺ ብዬ የመጣሁት፤ እባክሽ ልጄን እይልኝ› አለችኝ።»

ሳቄ መጣ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ዓይኔን መጥረግ ጀመርኩ። ስንቱ ሰው ይህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ በስሱ ግድግዳ ሰምቼ ስልኬን አይ ነበር።

«አንቺስ የፈራሽው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አንድ ቀን በሩን ሳንኳኳ ከፍታ ‹እርስዎ ማን ነዎት?› እንዳትለኝ ነው» አልኳት። ይህን ለወንድሜም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ማንም እስከዚያ ድረስ ጠይቆኝ አያውቅማ።

ውጭ ያለ ባለ ቀጠሮ በሩን አንኳኳ። ልነሳ ስል ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። ራሷ ወጥታ «ትንሽ ይታገሱኝ፣ ታካሚ ይዣለሁ» አለችና ተመልሳ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።