ማን ሞቶ ነው ሐውልቱ?

ሐውልት ሲባል እናንተ ምን ይታያችኋል? እኛ አገር መቃብር ነው የሚታየን። ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል፤ ቤተሰቡ ትንሽ አቅም ካለው ዓመቱን ጠብቆ ሲሚንቶ ያፈስበታል፣ ፎቶውን ይለጥፍበታል። ሐውልት ማለት ያ ነው። ሌላ አናውቅም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕዝብ ባለበት ከተማ አንድ ማለዳ አደባባይ ላይ ሐውልት ብታቆሙ፣ ሰዉ መጀመሪያ ምን ብሎ የሚጠይቃችሁ ይመስላችኋል? "ያምራል ወይ?" ብሎ ነው? የለም። "ማን ሞቶ ነው?" ብሎ ነው።

የከተማዬን ስም አልጠራም። ጋይንት ውስጥ ናት፤ ከንፋስ መውጫም ከአርብ ገበያም በመኪና ይደረስባታል፤ ይበቃችኋል። ስም መጥራት ምን እንደሚያመጣ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። እሱንም እነግራችኋለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክና ቅርስ ተምሬ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። አትሳቁ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ለባህል ጽሕፈት ቤቱ አንድ ባለሙያ ይፈለጋል ተብሎ ተፈተንን። ውጤቱ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ አንደኛ እኔ። ወደ እናቴ ሮጥሁ። ከሰዓት በኋላ ጓደኞቼን ላሳይ ይዣቸው ብመለስ ወረቀቱ ተቀይሯል። ያው ሰሌዳ፣ ያው ፊርማ፣ ያው ማኅተም፤ አንደኛ ሌላ ሰው። እኔ ሁለተኛም ሦስተኛም አይደለሁም፤ ጭራሽ ያልተፈተንሁ ሆኜ አረፍሁት። ጮኼ ስም ጠራሁ። ስም በመጥራቴ ተከሰስሁ። ያ አንደኛ የወጣው ሰው ዛሬ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። እኔስ? እኔ ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክዬ፣ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰውየው በየማለዳው ሲገባ "እንደምን አደርህ" ይለኛል። ከበደሉ ሁሉ የምታንገበግበኝ ይቺ ሰላምታ ናት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኙም ነኝ፣ ወረቀቱም እጄ ላይ ነው። እስኪ አሁን ወደ ሐውልቱ ልመልሳችሁ።

ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ አደባባዩ ላይ የቆመ የአንድ ወጣት ምስል ነው። ከሰው ትንሽ ይረዝማል። በግራ ክንዱ የስንዴ ነዶ ታቅፏል፤ ቀኝ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ ሩቅ ያያል። "ነገን የሚያይ ወጣት" ነው ተባልን። ፊቱን የሠራው ሰው ቸኩሎ ይሁን ሲሚንቶው አልቆበት እንጃ፣ አፍንጫና አፍ የመሰለ ነገር አለው፤ ከዚያ ያለፈ መልክ የለውም። ያሠሩት የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ፎክረው ገለጡት፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ።

ቅዳሜ ገበያ ገበሬው ከየአቅጣጫው መጣ። ከእስቴ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን አቁመው ሐውልቱን አንድ ጊዜ ዞሩትና፣ "ማጭዱስ?" አሉ። ማጭድ የለውም። "ማጭድ ሳይኖረው ነዶውን ከየት አመጣው?" ሽማግሌው ፈረዱ፤ "የሰው አዝመራ ነው። እጁን ግንባሩ ላይ ያደረገውም ባለቤቱ መጣ አልመጣ እያለ ነው።" ከዚያ ወዲያ ለገበሬው ሐውልቱ "ሌባው" ሆኖ ቀረ። እኔም በሆዴ፣ ለዚህ ጽሕፈት ቤት ከዚህ የተሻለ ምልክት ከየት ይገኝለታል? አልሁ።

ሴቶቹ ግን አልሳቁም። ከሩቅ ቀበሌ የመጡት ሐውልቱ ሥር ሲደርሱ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷ "የማን ልጅ ነው?" ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት ስታጣ ዝም ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በየቤቱ ያልተለቀሰለት ሰው በበዛበት በዚህ ዘመን ደግሞ ሰው የሚፈልገው ሰበብ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ የገበያው መንገድ ለቅሶ ቤት መሰለ።

ከዚያ ጠቡ ተነሣ። ከተማው ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ሦስቱም ማመልከቻ ሊያጽፉ እኔው ጋ መጡ። ሌላ ማን አላቸው? መጀመሪያ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የዘለቁ አንድ መሪጌታ ካህናቱን አስከትለው መጡና፣ የተቀረጸ ምስል አታድርግ ተብሎ ተጽፏልና ይፍረስ አሉ። ቀጥለው ባለባጃጆቹ መጡ። ይቁም አሉ፤ ከተማችን ፎቶ የምንነሣበት ነገር አገኘች፣ ተሳፋሪም "ሐውልቱ ጋ" ብሎ መውረድ ለምዷል አሉ። በመጨረሻ ባለሱቆቹ መጡ። እነሱ ይቁም ይፍረስ ግድ የላቸውም፤ ሰው እያለቀሰ ሸቀጥ ስለማይገዛ ለቅሶው ብቻ ይቁምልን አሉ።

ሦስቱንም በእኩል ትጋት ጻፍሁላቸው። በሦስቱም ውስጥ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳላስገባ አላለፍሁም፤ "ሥራው ያለ ባለሙያ የተሠራ በመሆኑ" የምትል። ባለባጃጆቹ፣ "ኧረ ጋሼ፣ እኛ እኮ ይቁም ነው ያልነው!" ቢሉኝ፣ "ይቁም፤ ያለ ባለሙያ የተሠራ መሆኑ ግን ይታወቅ" አልኋቸው። ባለሙያው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ለሦስቱም መልስ አልሰጠም። ጥበቃ አቆመና አደባባይ ላይ ማልቀስ ከለከለ። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ "እናቶቼ፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አልቅሱ" እያለ ይለምናቸው ነበር።

እማማ ያልጋነሽ የመጡት ያኔ ነው። የስማዳ ሰው ናቸው። ሲሳይ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ ወረደ፤ ያ ሁሉ ተኩስ መጣ፤ ሲሳይ አልተመለሰም። ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሞቷል ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ቀሳውስቱ ሞቱ ሳይረጋገጥ ፍትሐት አይሆንም አሏቸው። ጎረቤት ለቅሶ እንዳይደርስ፣ ለማን ብሎ? እንዳያጽናና፣ ከምን?

"ሐውልቱ ሲሳይን ይመስላል እንዴ?" አልኋቸው።

"ፊትማ መቼ አለውና፣ ልጄ" አሉኝ። "እጁ ነው። የሄደ ዕለት ከዳገቱ ጫፍ ዘወር ብሎ እጁን እንዲህ አድርጎ አየኝ። ፀሐይዋ ፊት ለፊቱ ነበረች። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።"

የጠየቁት ትንሽ ነገር ነው። ዱሮ፣ አሉኝ፣ ሰው አገር ጥሎ ሄዶ ሞቶ አስከሬኑ ሳይመጣ ሲቀር ምስል ይሠራለት ነበር። እንጨቱን የሟቹን ልብስ ያለብሱታል፤ ዘመድ ይከበዋል፤ ይለቀሳል፤ ሰው እርሙን አውጥቶ ይገባል። "የእኔን መንግሥት ሠርቶልኛል። አንድ ቅዳሜ ብቻ ይፍቀዱልኝ። የሲሳይን ኮት ላልብሰው፣ ወገኔን ጠርቼ ላልቅስ። እርሜን ላውጣ። ሁለተኛ አልመጣባቸውም።"

ግማሽ ገጽ ይበቃቸው ነበር። ብዕሬን ያዝሁ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስለ ሲሳይ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ሁለተኛው፣ ይህ ሐውልት ያለ ባለሙያ የተሠራ በመሆኑ፣ አለ። ሦስተኛው፣ ባለሙያ ጠፍቶ ሳይሆን ተገፍቶ ነው፣ አለ። ከዚያ ወዲያ እጄን እኔ አላዘዝሁትም። ፈተናው መጣ፣ ሰሌዳው መጣ፣ የጠዋቱ ወረቀትና የከሰዓቱ ወረቀት መጡ። ለራሴ ስጽፍ እንዲያ አምሮልኝ አያውቅም። የራሴን አቤቱታ መዝገብ ቤቱ ገና ስሜን ሲያይ ይጥለዋል፤ የልጅ ሐዘንተኛ እናት አሻራ ያለበትን ግን ማን ይጥላል? አራት ገጽ ሞላሁ። ግልባጩንም እስከ ላይ ድረስ አልሁት።

እማማ ያልጋነሽ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከማተማቸው በፊት፣ "ኮቱን ጽፈኸዋል?" አሉኝ።

"ጽፌዋለሁ፣ እማማ።"

ዋሸሁ? አልዋሸሁም። አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ "ከሠላምታ ጋር" ከሚለው በፊት፣ አንዲት መስመር ነበረች። እጅህ ይባረክ ብለው ሳሙኝ።

መልሱ በዐሥረኛው ቀን መጣ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከጻፍሁት ሁሉ መልስ ያገኘ ያ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፤ "አመልካች ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት፣ ሐውልቱ በባለሙያ ያልተሠራ መሆኑ ስለታመነበት ከቦታው እንዲነሣ ተወስኗል።" ኃላፊው ሞኝ አይደለም። አራት ገጽ ክስ ከሚመልስ አንድ ሲሚንቶ ቢያነሣ ይቀለዋል። ስለ ፈተናው አንድም ቃል የለችበትም። ሐሙስ ሎደር መጣና ገፋው። ያልወደቀው እግሩ ብቻ ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው ሁለት የሲሚንቶ እግር፣ ሁለት ፌሮ ወደ ላይ ቀስሮ መቆሚያው ላይ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የጣልሁት ግን የሰው ብብት ውስጥ የነበረውን ነው።

መልስ መጣ የሚለው ወሬ ስማዳ ደረሰ። ምን የሚል መልስ እንደሆነ መንገድ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማማ ያልጋነሽ ወገናቸውን አስከትለው ከች አሉ። ሠላሳ ሰው ይሆናል። አስለቃሿ አለች፤ ቄስ የሆኑ ታናሽ ወንድማቸው አሉ፤ ኮቱ በነጠላ ተጠቅልሎ እቅፋቸው ውስጥ አለ። እግሮቹን አዩ። ዞረው እኔን አዩኝ።

"የተመለሰውን አንብብልኝ።"

አነበብሁላቸው።

"እኔ ነኝ አንሡት ያልሁት?"

ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ያዝሁ።

"የጻፍኸውን አንብበው።"

ቅጂው ጠረጴዛዬ ላይ ነበረ። ልዝለል እንዳልል ቄሱ ከትከሻዬ በላይ አብረው ያነባሉ። አነበብሁት። ሠላሳው ሰው በጥሞና ሰማኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያዳመጠኝ ሰው የለም። ወረቀቱ ተቀየረ ከሚለው ላይ ስደርስ አንድ ሽማግሌ "ወይ ግፍ!" አሉ። አታምኑኝም፤ እዚያ ቆሜ፣ እንደዚያ ሆኜ፣ ደስ አለኝ።

ሲያልቅ እማማ ያልጋነሽ ወንድማቸውን፣ "ሲሳይ ስንት ጊዜ ተጠራ?" አሏቸው።

"ሁለት ጊዜ፣ እቴ። መጀመሪያው ላይና መጨረሻው ላይ።"

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ልጅ የጠፋባት እናት እርግማን መሬት አይወድቅም ይላሉ። አልረገሙኝም። መቆሚያውን አዩ፣ ኮቱን አዩ፣ መንገድ የደከመውን ወገናቸውን አዩ።

"ይህን ሁሉ ሰው ጠርቼ ሳላስለቅስ አልመልሰውም" አሉ። "ቁም።"

"የት ልቁም?"

"እዚያ ላይ ነዋ!"

"እማማ፣ ሰው ያየኛል እኮ።"

"እሱስ ይታይ አልነበር?"

ወጣሁ። ከሁለቱ እግሮች መካከል ለእኔ የምትሆን ትንሽ ቦታ ነበረች። ኮቱን አለበሱኝ። ትከሻው ጠበበኝ፤ ልጁ ከእኔ ይቀጥን ኖሯል። አስለቃሿ ጉሮሮዋን ጠረገችና አወጣችው፤

ሰሊጥ አጭዳለሁ ብሎ ቢወርድ ቆላ፣
አልቅሰን ሸኘነው በሌላ ሰው ገላ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በቅጡ ልነግራችሁ አልችልም። ደረት ተመታ። ሦስት ዓመት የታመቀ ለቅሶ ሲወጣ ድምፁ የሰው አይመስልም። እማማ ያልጋነሽ የኮቱን ጫፍ ይዘው "ልጄ፣ ሲሳዬ" ይላሉ፤ ዓይናቸው ኮቱ ላይ ነው፤ ከኮቱ በላይ ያለውን ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው አላዩም። ጥበቃው ሊከለክል መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረ። ሰውየው ከቢሮው በመስኮት ያያል። መጋረጃውን አልዘጋውም፤ መውረድም አልደፈረም። እኔም አለቀስሁ። ለማን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ለሲሳይ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ።

ሲበቃቸው እማማ ያልጋነሽ ዓይናቸውን ጠረጉ። ኮቱን አወለቁልኝ፣ አራግፈው አጠፉት፣ ለወንድማቸው ሰጡ። ወገናቸው ተራ በተራ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አላቸው። ያቺን ቃል ሦስት ዓመት ጠብቀዋታል። "አሜን" አሉ። ፊታቸው ቀሎታል።

ከመሄዳቸው በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩኝ።

"እኔ እርሜን አውጥቻለሁ" አሉኝ። "ላንተ የሚያለቅስልህ ሌላ ሰው ፈልግ።"

እየፈለግሁ ነው። እናንተ ቅዳሜ ምን ሥራ አላችሁ?