የበሩ ባላባት

መሥሪያ ቤት ካለ፣ «በሩን ዝጉ!» የሚል ሰው አይጠፋም። የኛው፣ ክቡር መሐንዲስ አቶ ጉግሳ፣ ከሁሉም የከፉ ነበሩ፤ በር የሚያዘጉት በአዋሽ ሙቀት ነዋ!

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። የጥጥ እርሻችን ደሞዝ የሚያሰላ ኮምፒዩተር አስመጣ፤ ቁመቱ የቁም ሣጥን፣ ጠባዩ የአማት። ውሃ ከነካው አበቃለት። ስለዚህ እሳት ቢነሳ በጋዝ የሚጠፋበትን ዘዴ እንዲነድፉ አቶ ጉግሳ ከአዲስ አበባ ተላኩልን።

ጋዙ እሳቱን አየር ነስቶ ያፍነዋል፤ በር ከተከፈተ ግን ሾልኮ ይሄዳል። እናም ስንገባ «በሩን!»፣ ስንወጣ «በሩን!» ይላሉ። የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ አስመረጉት። ለኮምፒዩተሩ የሚገባውን ካርድ የምትበሳው ሁሪያ አንድ ቀን መረራት።

«ወላሂ ጋሽ ጉግሳ፣ እሳቱ ሳይመጣ እኛ በስለን እንጠብቀው?»

«ብሰዪ ልጄ፤ ብቻ በሩን ዝጊ።»

እንቅልፍ የነሳቸው ግን ሌላ ነው፤ ጋዙ ሰውንም ያፍናል። ከመለቀቁ በፊት ሁሉም መውጣት አለበት። ለማስጠንቀቂያ ጡሩምባ አስገጠሙና፣ ያለ ጋዝ፣ ለሙከራ አስነፉት። ሁሪያ ደንግጣ «ኡኡ! እሳት!» አለች። የአገሬ ሰው ደግሞ ኡኡታ ሰምቶ ይሸሻል እንዴ? ባለ ሻይ ቤቱ ከማሉዲን ባልዲውን፣ ደንበኞቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ግር ብለው ክፍሉን ሞሉት።

«የእውነት ቢሆን ኖሮ ሁላችሁንም ቀብሬያችሁ ነበር!» አሉ አቶ ጉግሳ። ጡሩምባውንም ያኔውኑ አስነቀሉት።

ባቡር ጣቢያ ሲመላለሱ ሰነበቱና ልክ እንደ ጣቢያው የሚጮህ ደወል ይዘው መጡ። አዋሽ ላይ ደወል ጮኸ ማለት ባቡር ገባ ማለት ነው፤ ያን ሰምቶ የሚቀመጥ የለም። ሲሞክሩት ሁሪያ በባዶ እግሯ በረረች፣ እኔ ተከተልኩ፣ ከማሉዲንም ሻይ ቤቱን ጥሎ ወደ ጣቢያው ነጎደ። እርግጥ ነው፣ እውነተኛው ባቡር ሲመጣም ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ ቢንጨረጨሩ፣ «ሬሳ ከሞላው ክፍል ባዶው ይሻላል» አሏቸው አቶ ጉግሳ።

አንድ ቀን የእውነት ሽቦ ተቃጠለ። ደወሉ ጮኸ፤ ባቡር ነው ብለን ሮጥን። ጣቢያው ጭር ብሏል። ተመልሰን ስናይ አቶ ጉግሳ ጋዙን ለቀው፣ የተዘጋውን በር በጀርባቸው ተደግፈው ቆመዋል። ማሽኑ ተረፈ። እኛም ተረፍን።

ሥራቸውን ጨርሰው የሚሄዱ ዕለት የጣቢያው ደወል ሲጮህ፣ ልንሸኛቸው ግልብጥ ብለን ወጣን። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አደረጉ።

«በሩን ማን ዘጋው?»

ተያየን። ሁሪያ «ያ ረቢ!» ብላ ወደ ቢሮው ሮጠች። እኔ፣ ያን ነዝናዛ ሰው እንዲህ እወዳቸዋለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ፣ እንባዬን እየጠረግሁ «ዘግተነዋል!» ብዬ ጮህኩላቸው።

ዋሸሁ። በሰላም ይግቡ ብዬ።