ተዘቅዝቄ የተናዘዝኩ ዕለት

ሃምሳን የተሻገረ ወንድ አዲስ መስታወት መግዛት የለበትም! አሮጌው ይበቃዋል። አሮጌ መስታወት ቢያንስ ይሉኝታ አለው።

እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ወርጄ አንዲት ክብ የጢም መላጫ መስታወት ገዛሁ። ሻጩ «አጉልታ ታሳያለች፣ ጋሼ» አለኝ። አልዋሸም። ቤት ገብቼ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጠጋ ብዬ ባያት... አፍንጫዬ! ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው የዞርኩት አፍንጫ ይህን ያክላል? ቀዳዳዎቹ ባጃጅ ያስገባሉ... ያውም ሁለት ባጃጅ ሳይነካኩ ያስተላልፋሉ!

ደንግጬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ፊቴ ጭጋግ ሆነ። አንድ እርምጃ ጨመርኩ... ተገለበጥኩ! እውነቴን ነው፤ ግንባሬ ታች፣ አገጬ ላይ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ ያው ነው። ዞር ብዬ ባለቤቴን አስቴርን አየኋት፤ ደህና አድርጋ በእግሯ ቆማለች። እንግዲህ የተገለበጥኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው! እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔስ አልጋ ላይ ወጥቼ ተጋደምኩ።

«አስቴር፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጥሷል መሰለኝ።»

«በኢየሱስ ስም! ምን ሆንክ?»

«ሳልሞት የምነግርሽ ነገር አለ።»

«አትሞትም!... ምንድነው የምትነግረኝ?»

«እናትሽ ጡረታ ሲወጡ ከሽኝታቸው የቀረሁት... ስብሰባ ኖሮብኝ አልነበረም። ኳስ እያየሁ ነበር።»

 የአስቴር ዓይን እኔን አልፎ በሩ ላይ ተተከለ። ዞር ብል አማቴ እማማ ማርታ ሙዝ ታቅፈው ቆመዋል! ጫኖ በሚባል ቀበሌ ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ሙዝ የሚያለሙ ሴት ናቸው። «ሳሮ» ብለው ሰላምታ እንኳን አልሰጡኝም።

«ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ አስቴር ወደ መስታወቱ ጠቆመቻቸው። ጠጋ ብለው አዩ፤ ራቅ ብለው አዩ።

«ማንኪያ አምጪ።»

ማንኪያውን ፊቴ ላይ ደቀኑብኝ። «ጎድጓዳውን እይ።»

«ተዘቅዝቄያለሁ፣ እማማ።»

«ጀርባውንስ?»

«ቀና አልኩ... ግን አንሻለሁ።»

«መስታወትህም እንደ ማንኪያው ጎድጓዳ ነው። ስትርቀው ከግንባርህ የመጣውን ብርሃን ወደ ታች፣ ከአገጭህ የመጣውን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ዓይንህ ደግሞ የዋህ ነው፤ ብርሃኑ የት እንደታጠፈ አይጠይቅም፤ እንደመጣለት ያምናል።»

ምን ልበላችሁ... ከሞት ተነሳሁ! አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሙዝ ገንጥዬ ልልጥ ስል እማማ ማርታ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲህ ጤናህ ተመልሷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በል አሁን ስለዚያ ስብሰባ ንገረኝ... ስንት ለስንት አለቀ?»