ሶላር ላይ የተሰጣ ብቅል

ሰው ሁሉ ኩራቱን የሚሰቅልበት ቦታ አለው። አንዱ በበሬው ቀንድ፣ አንዷ በልጇ ማዕረግ ላይ ትሰቅላለች። እኔ የሰቀልኩት ቆጣሪ ላይ ነው። ምን ያስቃል? መርሳ ከተማ፣ እኛ ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ ቆጣሪ ያስገባው ሟቹ ባለቤቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ቢሆንም መብራት በእኔ ደጅ በኩል እንደገባ ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም።

ጎረቤቴ መዲና ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ከእኔ ቆጣሪ መስመር ተስቦላት አንድ አምፖል ታበራ ነበር። በነጻ ነው። በነጻ የሚበራ አምፖል ግን ጌታ አለው፤ ካመሸችብኝ ከዚህ ሆኜ እነቅልባታለሁ። በማግስቱ ስለ አምፖሉ ምንም ሳታነሳ፣ «እንዴት አደሩ እትዬ አስካለ?» ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጦርነቱ በፊት ሶላር የሚያድሉ ሰዎች መጡ። ቅድሚያ ቆጣሪ ለሌለው፣ አሉ። ቅድሚያ! አልፈልግም የማለት ዕድል እንኳ ሳይሰጡኝ አልፈውኝ መዲና ቤት ገቡ። እኔም ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው ብዬ ሰፈሩን አሳቅሁ። መዲናም ሳቀች። «ኢንሻ አላህ ትታለባለች» አለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማው ተያዘ፣ መስመሩ ተቆረጠ፣ ስልኩም ድምፁ ጠፋ። ቆጣሪዬ እንደ ሟች ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ቀረ። ከሁሉ የባሰው፣ ሹፌሩ ልጄ እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ እንደወረደ መንገዱ ከበስተኋላው ተዘጋ። ውርጌሳ ከተማን ይለፍ፣ እዚያው ይቅር የሚነግረኝ ጠፋ። የመንገዱን ወሬ የሚያውቅ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ የእኔ ሬዲዮ ደግሞ ቻርጁን ጨርሶ ተኝቷል።

ሰፈሩ ሬዲዮውንና ባትሪውን እየያዘ መዲና ግቢ ይጎርፍ ጀመር። እሷም ማንንም ሳትመልስ ትሰካለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። እናንተ ብትሆኑ ትሄዱ ነበር? ትሄዱ ይሆናል፤ እናንተ ቆጣሪ የላችሁም።

አንድ ጠዋት ዘዴ መጣልኝ። ለሚካኤል ማኅበር ያበቀልኩትን ብቅል በሰፌድ አድርጌ፣ ሬዲዮዬን ከሥሩ ሸሽጌ ሄድኩ። የአንቺ ግቢ ፀሐይ ይበረታል፣ ብቅል ላሰጣ፣ አልኳት። ብቅል ለምን እንደሚሆን እሷም ታውቃለች፣ ሃይማኖቷም ያውቃል። ጥቂት አሰበችና፣

«ገና ጠላ አልሆነም አይደል?» አለችኝ።

«ገና ገብስ ነው።»

«እንግዲያስ ያስጡት» ብላ ጄሪካኗን አዝላ ውኃ ልትቀዳ ወረደች።

ሬዲዮዬን ከሌሎቹ መሃል ሰካሁ። አሁን ብቅሉን የት ላድርገው? መሬት ላይ እንዳላሰጣ የመዲና ዶሮዎች አንድም ፍሬ አይተዉልኝም። ከበጎቿ ጉረኖ ጣሪያ ላይ ግን አንድ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንደ እሳት የጋለ ነገር ተጋድሟል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲበላ የሚውል ለብቅሌ ትንሽ ቢያካፍል ምን ይጎድልበታል? ጥግ ሳላስቀር አሰጣሁበት። በሙያዬ ተደስቼ ቤቴ ገባሁ።

ዐሥር ሰዓት ግድም ሰፈሩ ሬዲዮውን ሊወስድ ሲመጣ አንዱም ሬዲዮ አይናገርም። አንዱ ሶላሩ ሞቷል አለ። ሌላው ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ድሮን አቃጥሎት ነው አለ። ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ድሮም ላም አለኝ በሰማይ ነው ብያችሁ ነበር፣ አልኩ።

መዲና ጉረኖው ላይ ወጥታ አይታ፣ እፍኝ ሙሉ ብቅል ይዛ ወረደች።

«እትዬ አስካለ፣ ላሟስ አልሞተችም። ዓይኗን ሸፍነዋት ነው እንጂ።»

ቀጥሎ ያየችው ሬዲዮዬን ነው። ትነቅለዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ብሆን እነቅል ነበር። እሷ ግን ወደ ሰዉ ዞራ፣ «ነገ መጀመሪያ የሚሰካው የእርሳቸው ነው። ልጁ መንገድ ላይ ያለበት ይቀድማል» አለች። ማንም አልተከራከረም። እኔም ቅድሚያ ሲሰጡኝ አልፈልግም አላልኩም።

እነዚያ ሶላር ያደሉ ሰዎች ያን ዕቃ ለእኔ ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ቆልፌበት ነበር። ለማንም እንዳትነግሩ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ሰፌዴን ይዤ እሄዳለሁ። ብቅሉን መሬት ላይ አሰጣለሁ፣ ዶሮ እየከለከልኩ ሬዲዮዬን እጠብቃለሁ። ማኅበሩ በዚያ ዓመት ሳይደገስ ቀረ፤ ብቅሉ ግን ፀሐይ አልቀረበትም። የመንገዱን መከፈት የሰማሁትም እዚያው ተቀምጬ ነው።

ልጄ በሰላም ገባ። መብራት ግን ገና አልመጣም ነበርና፣ በማግስቱ ጠዋት ሰፌዴን አንስቼ ስወጣ አየኝ። አንዷን ፍሬ አንስቶ ቢነክሳት እንደ ጠጠር ሆነችበት።

«እማዬ፣ ይሄ ብቅል ገና አልደረቀም?» አለኝ።

«አልደረቀም» አልኩት። «መብራት እስኪመጣ አይደርቅም።»