ወደ ተራራው ዘንበል በሉ

የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። የማስተምረው ኮምቦልቻ። በመሃል ገደል አለ። እንግዲህ እንደኔ ያለ ቀጭን ሰው ሚኒባስ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ? በገደሉ በኩል።

የሚደለድለን ሹፌሩ ሰይድ ነው። ወፈር ያለ ሁሉ በተራራው በኩል። የሐርቡዋ ነጋዴ ሐጃ ዘይነባ ካልመጡ ሞተር አያስነሳም። የርሳቸውን ያህል የሚያስተማምን ክብደት መስመሩ ላይ የለማ።

ጣጣው የመጣው ከመንገዱ ነው። አንዱን ቁልቁለት ሁለት ተቋራጮች ተካፈሉት። ከላይ የመጣው የሚገናኙበትን ኩርባ እስከ መሃሉ ወደ ተራራው አዘነበለው፤ መኪና እንዳይወድቅ። ከታች የመጣው ወደ ገደሉ አዘነበለው፤ ውሃ እንዲፈስ። ሁለቱም መመሪያ ነበራቸው፣ የየራሳቸው። ኩርባው መሃል ላይ ስንደርስ መኪናችን መጀመሪያ ተራራውን እጅ ይነሳል፤ ከዚያ ድንገት ገደሉን።

"ዘንበል" ይላል ሰይድ። ሁላችንም ወደ ተራራው ዘንበል። ሐጃ "ያ ረቢ" ይላሉ። ከጎኔ የሚቀመጡት የቦሩ ሜዳው ቄስ ያማትባሉ። እኔ የፊቴን ወንበር ብረት አንቄ እይዛለሁ። በመስኮቴ በኩል መንገድ የሚባል ነገር አይታይም። የአሞራ ጀርባ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት እዚያ ነው።

አቤት አልን። ዘመኑ ደግ ነው፤ አቤት ላለ ስብሰባ ይጠራለታል። የመንገዱ ኢንጂነር ችግሩ የወጥ ደረጃ አለመኖር ነው አሉን። አጨበጨብን። እውነት ነዋ። ከሁለቱ አንዱን መረጡ፤ የውሃውን። ለምን ቢባሉ፣ ተሳፋሪ የሚይዘው ወንበር አለው፣ ውሃ ግን መውረጃ ካላገኘ አስፋልቱን ይበላል አሉ። ሰይድ እጁን አውጥቶ "ወንበሩስ ምን ይዟል?" ብሎ ቢጠይቅ የአመለካከት ችግር እንዳለበት ተገመገመ።

አሁን ኩርባው ከላይ እስከ ታች ወደ ገደል ያዘነበለ ነው። ወጥ ነው። ያ "ድንገት" የሚባለው ነገር ቀርቶልናል።

በቀደም የኢንጂነሩ መኪና ተበላሽታ ከኛ ጋር ተሳፈሩ። ሞላ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሰይድ ገና ሲያያቸው ፊቱ በራ። "ጋሼ፣ እርስዎ በተራራው በኩል።" ኩርባው ሲመጣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ከሁላችን ቀድመው ዘንበል አሉ። ሐጃ "አብሽር ልጄ፣ ጠጋ በል" አሏቸው። ኮምቦልቻ እስክንገባ ቀና አላሉም።

እንግዲህ መንገዱ ሊሠራልን ነው ብዬ ጠበቅሁ። በሳምንቱ ኩርባው አፍ ላይ ታፔላ ተተከለ፦ "ተሳፋሪዎች ወደ ተራራው ዘንበል ይበሉ።" ለሁሉም መኪና፣ ወጥ ሆኖ።

መንግሥት የድርሻውን ተወጥቷል። የቀረው የኔ ነው። ከታፔላው ወዲህ ራት ሁለቴ እየበላሁ ነው።