ጄኔራል ሸኪብና አውራ ጣቱ

በየቤቱ አንድ ዘማች አለ። የእኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ የሶፋውን ጥግ ደግማችሁ እዩት። አንገቱን ደፍቶ፣ ሁለት አውራ ጣቶቹን ስልክ ላይ ተክሎ፣ ሻዩ ሲቀዘቅዝ የማይታወቀው ጎልማሳ ካገኛችሁ እሱ ነው። ሰላም ስትሉት "እሺ" ይላል። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብትሉትም "እሺ" ይላል።

የእኛ ቤት ዘማች አማቼ ሸኪብ ነው፤ የልጄ የኡምሀኒ ባል። ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን። ሥራው የጭነት መኪና ሾፌርነት ነው፤ ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። በወጣትነቱ አቃቂ በሰቃ ጌም ቤት ገብቶ በኮምፒውተር ይጫወተው የነበረውን ያረጀ የተኩስ ጨዋታ አሁን ስልኩ ላይ ጭኖታል። እኔ በአስር አለቃነት ጀምሬ ማዕረጉን ከፍ እያደረግሁ አሁን ለጄኔራልነት አድርሼዋለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ተዋጊው ፊት የለውም፤ ከስክሪኑ ሥር አንድ እጅና አንድ ጠመንጃ ብቻ ብቅ ብለው ይታያሉ። ጨለማ ኮሪደር አለ፣ በር አለ፣ ከበሩ ኋላ ቀንዳም ሰይጣን አለ። ጄኔራሉ ሰይጣኑን ይገድሉታል፣ ሌላ በር ይከፍታሉ፣ እዚያም ሌላ ሰይጣን ይጠብቃቸዋል።

"ልጄ፣ ሰይጣን ከሆነ ተነስተህ ብትሰግድ ራሱ ይሸሽልህ ነበር" አልኩት አንድ ቀን።

"እማ፣ ይሄኛው በጥይት ብቻ ነው" አለኝ፤ ቀና እንኳ ሳይል።

ተኩሱ ቤቱን ሲያናውጠው ድምፁን እንዲያጠፋው ለመንኩት። የእውነቱን ተኩስ ወሎ ሳለሁ ሰምቼዋለሁ፤ ለመዝናኛ ብዬ ልሰማው አልፈልግም። አላህ ይስጠው፣ ወዲያው አጠፋው። ከዚያ በአፉ መተኮስ ጀመረ። "ጢሽ! ጢሽ! ድው!" ገና አፏን የምትፈታው የልጅ ልጄ ናዕማ "አባ" ከማለቷ በፊት "ድው" አለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሽንፈቱን የሚያሳብብበት መንገድ ነው። በድሮው ኮምፒውተር ማውስ ነበር፣ ኪቦርድ ነበር። ስልክ ላይ የሚጨበጥ ነገር የለም፤ ያለው ለስላሳ መስታወት ብቻ ነው። የግራው አውራ ጣት ያስኬዳል፣ የቀኙ ያዞራል፣ ይተኩሳልም። የሸኪብ ጣት ደግሞ የሾፌር ጣት ነው፤ የስክሪኑን ሩብ ይይዛል። ሰይጣኑም ይህን ያወቀ ይመስል ሁልጊዜ የሚመጣው በዚያው በኩል ነው።

"እኔ መች ተሸነፍኩ? ጣቴ ሸፈነብኝ!"

ጠዋት ጣቱ ሸፈነበት። ከሰዓት ጣቱ ሸፈነበት። "ማውስ ቢኖረኝማ!" ይላል ደግሞ። ስለዚያ ማውስ ሲያወራ የተወረሰበትን ርስት የሚያነሳ ባላባት ይመስላል።

ጣቱ ሲያልበው መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ክቡርነታቸው ከዘመቻ በፊት የናዕማን ፓውደር አውራ ጣቶቻቸውን ይቀባሉ። የልጅቷ ጭን ቀልቶ ሳለ የአባቷ ጣት ገና እንደታጠበ ሕፃን ይሸታል።

ምግብ ሲቀርብ ነገሩ ይብሳል። ወጥ የነካ ጣት መስታወት አይነካማ። "ይቺን በር ልለፍና" ይላል። በሩ አያልቅም። ኡምሀኒ አንጀቷ አይችልም፣ ታጎርሰዋለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሳፊያ ስትገባ ጄኔራሉን እንደ ወፍ ጫጩት አፋቸውን ከፍተው አገኘቻቸው።

"ውይ! እጁን ምን ነካው? አላህ ያሽረው!"

"እጁስ ደህና ነው፤ ጦር ሜዳ ስላለ ነው" አልኳት።

እኔም በተራዬ ትልቅ አድርጌ ጠቅልዬ አጎረስኩት። የአማት ጉርሻ እምቢ አይባልም። አፉ ሞላ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ ኮሪደሩ ጠፋበት።

"እማ! ጉርሻዎ አስገደለኝ!"

"አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ልጄ። ሁለተኛውን እንካ።"

አውቶቡስ ላይማ አብሬው መሄድ አፍራለሁ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሸኪብም በሙሉ ትከሻው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አንድ ጊዜ ወደ ቃሊቲ ስንሄድ አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ መስኮቱ ላይ ተጣብቀው ቆዩና፣ "ልጄ፣ መኪናው ገና አልታጠፈም" አሉት በትሕትና። እሱ መች ሰምቶ!

አንድ ነገር ልመስክርለት። መሪ ሲጨብጥ ስልኩን ዘግቶ ከወንበሩ ሥር ይጥለዋል። የደሴን መንገድ ስንት ዘመን ሲመላለስ ዶሮ እንኳ አልገጨም።

በሰኔ ግን አቃቂ በሰቃ ብረት ሲያራግፉ የመኪናው የጎን መዝጊያ፣ እነሱ ስፖንዳ የሚሉት፣ ወርዶ የቀኝ አውራ ጣቱን ደቆሰው። አጥንቱ ተሰበረ፤ በጀሶ ታሰረ። ጀሶው ሲፈታ ጣቱ እንደ ማገዶ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሐኪሟ ስትነግረው አጠገቡ ነበርኩ።

"አጥንቱ ድኗል። ከእንግዲህ ያለው ያንተ ሥራ ነው። እያመመህም ቢሆን በየቀኑ ካላጠፍከው እንዲሁ ደርቆ ይቀራል።"

የመኪናው ባለቤት አቶ ፈቀደም ሊጠይቁት መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ብርቱካን ይዘው ነው የመጡት። ሲነሱ ግን በሩ ላይ ቆም አሉ። "ሸኪቤ፣ ማርሽ በአራት ጣት አይጨበጥም። እስከ መስቀል እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር መስጠቴ ነው።"

ያን ሁሉ ሰይጣን የፈጁት ጄኔራል አንድ ጣት ማጠፍ ፈሩ። ሐኪሟ እንዲጨምቃት የሰጠችው የጎማ ኳስ የናዕማ መጫወቻ ሆነች። ኡምሀኒ "ዛሬ ሞከርከው?" ስትለው "ነገ" ይላል። ስልኩም ቴሌቪዥኑ ሥር ተጋድሞ አቧራ ጠጣ። ስለምነው የኖርኩት ጸጥታ ቤታችን ገባ፤ አልወደድኩትም። ሸኪብ ሰላም ሲሉት ቀና ብሎ "ደህና ዋላችሁ" ይላል። ምግብ ሲቀርብ ከሁላችን ቀድሞ ይቀመጣል። ከዚያ ግድግዳውን ያያል። ኡምሀኒ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት።

እኔ እርሳስ የጨበጥኩት ልጆቼን ድሬ ካበቃሁ በኋላ ነው። ያኔ ጣቴ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ እምቢ አለኝ። የጎልማሶች ትምህርት መምህሯ መስመር ሙሉ "ሀ" ጻፊ ስትለኝ እጄን ያመኝ ነበር። የኡምሀኒን ስም ልጻፍ ብዬ የተነሳሁ ቀን ግን ሕመሙን ረሳሁት። ጣት በትእዛዝ አይታጠፍም፤ በሚወደው ነገር ይታለላል እንጂ።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት ስልኩን ቻርጅ አድርጌ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። የጨዋታው ሥዕል አይጠፋኝም፤ ቀንድ አለው። ነካሁት፣ ተከፈተ።

"በል ተኩስ።"

"እማ፣ እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ?"

"እኔ ነኝ። ድምፁንም ክፈተው ከፈለግክ።"

"አይታጠፍም እኮ።"

"ሰይጣኑ ይህን አያውቅም። እስክትነግረው ይጠብቅሃል?"

ሳቀ። ከጀሶው ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ድሮ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያልፋት የመጀመሪያዋ በር ላይ ወደቀ። ቀኝ ጣቱ ስክሪኑ ላይ እንደ ዱላ ተገትሮ ነበር። "ድገም" አልኩት። ደገመ፣ ወደቀ። ላብ በግንባሩ ወረደ። "አመመኝ፣ እማ።" "አየሁ። ድገም።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግጄ ስነሳ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አላህ ይየኝ፣ ከድሮው ይበልጥ ያናድደኛል። ጥይቱን ግድግዳ ላይ ይጨርሳል። የወጣበትን በር ተመልሶ ይገባበታል። ሲያመው ስልኩን ሶፋው ላይ ይወረውርና እንደ ልጅ ያኮርፋል፤ እኔ ደግሞ አንስቼ መልሼ አስይዘዋለሁ። ኡምሀኒ ከሥራ ስትመለስ "ተኩስ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!" እያልኩ ስጮህ አግኝታኝ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቀረች።

መስቀል ቀርቧል። ትናንት አንድ ግዙፍ ሰይጣን በጎን መጣበት። ሸኪብ ደንግጦ ቀኝ ጣቱን ሳበው። ጣቱ ከመገጣጠሚያው ታጠፈ፤ ሙሉ በሙሉ፣ እንደ ጤነኛ ጣት። እሱ ልብ አላለም፤ ዐይኑ ሰይጣኑ ላይ ነበር። እኔ ስክሪኑን የማየው በአንድ ዐይኔ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ቀን ልቤ ያለው ጣቱ ላይ ነው።

"ሞትኩ!" ብሎ ጮኸ። ወደ እኔ ሲዞር ፊቴን በነጠላዬ ስጠርግ አየኝ። "እማ፣ ምን ሆኑ? ጨዋታ እኮ ነው፣ ሞትኩ እንጂ ምንም አልሆንኩ!"

"ሙት፣ ልጄ" አልኩት። "ልክ እንደ አሁኑ፣ ደግመህ ሙት።"