ለሟች ብቻ የሚያጨበጭቡት ክቡር አድናቂ

የጃዝ ተጫዋች በሞተበት ሁሉ አንድ ክቡር አድናቂ አይጠፋም። ሙዚቀኛው በሕይወት ሳለ የት እንደከረሙ አይታወቅም። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ግን ከዘመድ ቀድመው ከተፍ ይላሉ፤ ፊታቸውን አጨማደው፣ «እኔኮ የቅርብ ሰው ነበርኩ!» እያሉ።

የእኛው ክቡር አድናቂ ከመድን ድርጅት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫው ውስጥ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ደንበኛ ገብቶ ዋጋ ሲጠይቅ፣ ባለሱቁ አፉን ሳይከፍት እሳቸው የአንድ ሟች ጥሩምባ ነፊን የሕይወት ታሪክ ይጀምሩለታል። ብዙው ደንበኛ ሳይገዛ ይወጣል።

እኔ ባስ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ባስ ሲኖር ማንም ልብ የማይለው፣ ሲቆም ግን ሁሉም «ምን ጎደለ?» የሚለው ነገር ነው። ከሟቹ ትራምፔተኛችን ጋር ጎን ለጎን ቆመን አረጀን። ክቡር አድናቂ ግን ስለ እሱ ለእኔ ያስረዱኛል።

«አንተ አታውቀውም፤» ይሉኛል በሐዘኔታ። «አንተ ከጎኑ ነው የቆምከው። ከፊት ለፊት አይተኸው ታውቃለህ?»

እውነትም አይቼው አላውቅም።

በእሳቸው ትረካ ትራምፔተኛችን በመጠጥና በፍቅር የነደደ ሰው ነበር። ጥሩምባውን አቅፎ ዝናብ ላይ ያድር ነበር። በመጨረሻም ዓለም ስላልገባችው ጥሩምባውን ወንዝ ውስጥ ወርውሮ እያለቀሰ ሄደ።

እውነቱ ይህን ያህል አያምርም። ሰውየው የስኳር በሽተኛ ነበር፤ የሚያውቀው ጠርሙስ የመድኃኒቱን ነው። ቀን ቀን ማቀዝቀዣ ይጠግናል፣ ማታ ማታ ይጫወታል። ወደ መጨረሻው ከአስተናጋጆቹ በቀር የሚሰማን አልነበረም። አንድ ምሽት ባዶውን አዳራሽ ቃኝቶ፣ «ዛሬ ወንበሮቹ ደስ ብሏቸዋል፤» አለኝና ነፋ። እንደዚያ ቀን አሳምሮ ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም። ዓይኑ ሲደክም ልብስ ሰፊዋ እህቱ ቤት ገባ። መርፌውን የምትወጋው፣ ቁስሉን የምታጥበው እሷ ነበረች። ክቡር አድናቂን አንድም ቀን እዚያ ቤት አላየኋቸውም።

በሞተ በዓመቱ መታሰቢያ ተዘጋጀለት። በሕይወቱ ያልሞላለትን አዳራሽ ሞቶ ሞላው። የፊት ረድፍ ለክብር እንግዶች ስለተያዘ እህቱ በስተኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ክቡር አድናቂ መድረክ ላይ ወጥተው ጥሩምባውን በትረካቸው ወንዝ ውስጥ ሲጥሉት ግማሹ ሰው መሐረብ አወጣ።

እህቱ ብድግ አለች።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ መጠጥ አይቀምስም ነበር። ጥሩምባውም ወንዝ አልገባም። ቁም ሳጥኔ ላይ ነው ያለው፤ እሁድ እሁድ እወለውለዋለሁ።»

ከኋላዬ አንዱ፣ «ማናት ደግሞ እሷ?» ሲል ሰማሁ።

ክቡር አድናቂ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «እህታችን ሐዘኑ ጎድቷታል፤ አይፈረድባትም። ቤተሰብ እንዲህ ነው፤ አብሮት የኖረው ሰው ታላቅነት አይታየውም።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ለእሳቸው ነው። እሷ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩና ደረጃው ላይ ደረስኩባት።

«ተወው፤» አለችኝ። «የእነሱ ሰውዬ ሌላ ሰው ነው። ግን ለምን በወንድሜ ስም ይጠሩታል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡር አድናቂን ዘጋኋቸው። በመንገድ ሲመጡ ካየኋቸው መንገድ እቀይራለሁ።

ዘንድሮ ዳሌዬ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኛሁ። ከበሮ መቺያችን በስልክ «አይዞህ» ብሎ ጻፈልኝ። ዘፋኛችን «ነገ እመጣለሁ» አለ፤ ነገው ግን ይኸው እስካሁን አልደረሰም። አንድ ቀን በጉብኝት ሰዓት በሩ ተከፈተና ክቡር አድናቂ ብርቱካን ይዘው ገቡ። ክው አልኩ። እሳቸው የሚመጡት ለሟች ስለሆነ፣ ሐኪሞቹ ያልነገሩኝ ነገር ያለ መሰለኝ።

መንገድ እቀይርባቸው እንደነበር ያላወቁ መስለው ትራሴን አስተካከሉ፣ ብርቱካኑን ልጠው በየፍሬው አጎረሱኝ። ነርሷን አስቁመውም፣ «ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አሏት።

«ባለ ዳሌው፣» አለች።

«ባለ ዳሌው!» ብለው ጮኹ።

በማግስቱም መጡ። በሚቀጥለውም። ሐሰተኛ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የእህቱን ፊትም አልረሳሁም። ግን የጉብኝት ሰዓት ሲቃረብ ዓይኔ ከበሩ አልነቀል አለኝ። እሳቸው ሲያረፍዱ እናደዳለሁ።

አንድ ከሰዓት ክፍሉን ሙሉ ሰብስበው ስለ እኔ ተረኩ። ጨዋታው መሐል የባሴ ክር ተበጠሰ አሉ። በቀሩት ሦስት ክሮች፣ ጣቶቼ እየደሙ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጫወትኩ አሉ። ሕዝቡም ቆሞ አለቀሰ።

አጠገቤ የተኙት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር እስከዚያ ቀን ያናገሩኝ ስለ ማንኮራፋቴ ለመቆጣት ብቻ ነበር። አሁን በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«እውነት ነው እንዴ፣ ጌታዬ? በሦስት ክር?»

በዕድሜዬ መድረክ ላይ ክር ተበጥሶብኝ አያውቅም። ክቡር አድናቂን አየኋቸው። ብርቱካኑን በእጃቸው እንደያዙ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ኧረ ተሳስተዋል፤» አልኩ። «በሁለት ነው።»